የአባ ፊጣ መዳፍ

የጅማ ዝናብ ግንቦት ላይ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
መምህር ቢጮኽ አይሰማም፣ ሰሌዳውም አይነበብ፤
ሚስተር ናምቢያር ያን ጊዜ ጠመኔውን ኪሱ ከትቶ፣
«እጅ አምጡ» ይለን ነበር፣ የራሱን መዳፍ ዘርግቶ።
ወንድ ቀኙን፣ ሴት ግራዋን፣
እንደ ደብተር ገልጠን፣ ይዘን ወረፋችንን፣
የነገን ማርክ ልናይ።

«ይኼ የዕድሜ መስመር፣ ይኼ የልብ፣ ይኼ የራስ።
ከመሐል ጣት ሥር ያለው ጉብታ ሻኒ ይባላል፣ ዕዳ የማይረሳ ዳኛ፤
ከሌባ ጣት ሥር ያለው ጉሩ፤ መምህር ማለት ነው፣» ይልና ይስቃል፣
«ደመወዙ ግን አይታይም።»

ከአያቱ ለአባቱ፣ ከአባቱ ለእሱ የወረደ፣
ከቬዳ የተቀዳ ንባብ፣ ጅማ ድረስ የነጎደ።
እኛ የግንባር ጽሕፈት እንጂ የእጅ መች እናውቅ ነበር፤
ግንባር ደግሞ ለባለቤቱ አይታየውም፣ መስታወት ካልተበደረ በቀር።

የእኔን ሲያይ ዝም አለ። መነጽሩን ጠረገ።
«ከአንጓሽ በላይ ዓሣ አለ፤
ዓሣ ያለበት እጅ ውኃ ይሻገራል።
ሩቅ ትሄጃለሽ።»
ሳምንት ሙሉ ያን እጄን አልታጠብሁም፣
ዓሣው እንዳያመልጠኝ።

ይኸው ሠላሳ ስምንት ዓመት፣
ጠዋት ወደ ቀበሌ፣ ማታ ወደ ቤት፣
አዌቱን እሻገራለሁ፣ በድልድይ፣ ጃንጥላ ይዤ፣
በበጋ ቁርጭምጭሚት የማያርስ ውኃ።
ትንቢቱስ አልዋሸም፤
ስፋቱን ብቻ አልነገረኝም።

አሁን የእኔም እንጀራ እጅ ማየት ሆኗል።
መስታወቷ የምታበራ ትንሽ ማሽን ጠረጴዛዬ ላይ፦
«አራቱን ጣት፣ አሁን አውራ ጣት፣ ጫን ያድርጉ።»
ስለ ነገ አትጠይቅም፤
አንተ አንተ መሆንህን ብቻ።

አባ ፊጣ መጡ፣ የሂርማታው በርጩማ ጠራቢ።
ጫኑ። ቀይ።
መስታወቱን ጠረግሁ፤ ጫኑ። ቀይ።
ጣታቸውን በሎሚ አሹ፣ በኮታቸው እጅጌ አደረቁ። ቀይ።
«እኔ አይደለሁም ነው የሚለው?» አሉና ወደ ወረፋው ዞሩ፤
«ሰዎች፣ እኔ ማን ነኝ?»
«አባ ሦስት እግር!» አለ አንዱ፤ ወረፋው ሳቀ።

እጃቸውን ያዝሁ፤ ልማድ ነው፣ ቀኙን።
ስድሳ ዓመት ዋንዛ ሲልጉ፣ ዋንዛውም በተራው እሳቸውን ልጓል፤
ብርጭቆ ወረቀቱ ከእንጨቱ ጋር ባለቤቱንም አለስልሷል።
የጣቶቻቸው ጫፍ አንድ መስመር የለበት፣
ብርሃን ያንሸራትታል።

መዳፋቸው ግን!
የልብ መስመር አለ፤ ከእሱ በላይ ሌላ፣ መሮ የጻፈው።
የዕድሜው መስመር ገና ሳይታጠፍ ተቆርጧል፤
እንደ ሚስተር ናምቢያር ከሆነ እኚህ ሰው በሃያ ስምንታቸው ሞተዋል።
«ይኼ ሻኒ ላይ ያለውስ?»
«መጋዝ። ዘምዘም የተወለደች ዕለት፤ ሐሳቤ ቤት ነበር።»
«ይኼስ?»
«ይኼ የአጋሮ ሰው ነው። አሥራ ሁለት በርጩማ አዝዞኝ ቀረ፤
ንዴቴን እንጨቱ ላይ ስወጣ፣ እጄን አገኘሁት።»
«ይኼኛውስ?»
ቆዩ። ወደ መስኮቱ አዞሩት።
«እሱ አብሮኝ የተወለደ ነው። እሱን አላውቀውም።»

«ኧረ ወረፋ!» አለች ከኋላ፣ ልጅ ያዘለች።
ቅጹ ላይ አንድ ሣጥን አለ፦ አሻራ ያልተገኘበት ምክንያት።
እጅ የለውም። ጉዳት። ሌላ።
«ሌላ»ን ነካሁ፤ ጻፍሁ፦ በሥራ አለቀ።
አለቀ የሚለው ቃል ደስ አላለኝም፤ አጠፋሁት።
ደግሜ ጻፍሁ፦
በየሰዉ ቤት፣ በርጩማ ላይ ይገኛል።
ማሽኗ አረንጓዴ አበራች።
ያነበበችው ግን አይመስለኝም።